የአራተኛው ምሰሶ ጨው

ኸድራ የቤቷ ቆርቆሮ ስንት እንደሚያወጣ የሰማችው ከቆርቆሮው ሥር ተኝታ ሳለች ነው። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጎኗን ልታሳርፍ ጋደም እንዳለች፣ ከግድግዳው ውጭ ሁለት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋጋ መከራከር ጀመሩ። አንደኛው ታናሽ ወንድሟ አብዱልረሂም ነው። ሌላው ዲንሳ የሚባለው፣ ከባምባሲ እየመጣ አሮጌ ቆርቆሮና አሮጌ በር የሚገዛ ነጋዴ ነው፤ የሳሉ ድምፅ ከቃሉ ስለሚቀድም ሳይናገርም ታውቀዋለች።

«የሚስማሩ ቀዳዳ በዝቷል። ለፍየል ቤት ካልሆነ ለሰው አይሆንም» አለ ዲንሳ። «አንዱን በአሥራ ሁለት ብር።»

«በሃያ። ደግሞ ቀስ ብለህ ተናገር፣ ከሥሩ ሰው አለ።»

«ታዲያ መቼ ነው የምትወጣው?»

«ዛሬ ከማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ይመጣል። ወረቀቱ ከተጻፈ ማታ ጋሪህን ይዘህ ና።»

በአሥራ ስድስት ተስማሙ። ኸድራ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ቆየች። ቆርቆሮው ላይ ከአባቷ ከሻዕባን ዘመን ጀምሮ ያለው የዝገት ካርታ እንዳለ ነው፤ አንደኛው እድፍ የአህያ ጭንቅላት ይመስላል፣ ልጅ ሆና ከወንድሟ ጋር ተኝተው እየጠቆሙ ይስቁበት ነበር። አሥራ ስድስት ብር የአህያውን ጭንቅላት ይጨምር እንደሆነ ልትጠይቀው ፈለገች። ግን አልወጣችም። እሷና አብዱልረሂም ከተጣሉ ቃል አይወራወሩም፤ ዝም ይባባላሉ፤ ዝምታው እንደ እንግዳ መሐላቸው ይቀመጥና ማንም ሂድ አይለውም። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፣ ጉፍታዋን አሠረች፣ በሩንም ከሌላው ቀን ቀደም ብላ ከፈተችው።

ቤቱ ፊቱን ወደ ገበያው መንገድ የሰጠ ነው። ከኋላ አንድ ሰፊ የድንጋይ ግንብ ክፍል፣ ከፊት አራት የአርማታ ምሰሶዎች የተሸከሙት በረንዳ አለው። ኸድራ ክፍሉ ውስጥ የጨው ጆንያ ትደረድራለች፣ በረንዳው ላይ ሚዛን አስቀምጣ ትሸጣለች፣ ሌሊት ከጆንያዎቹ ወዲያ በመጋረጃ በከለለችው ጥግ ትተኛለች። ከሆሞሻ የሚመጡ ገበሬዎች ከብታቸውን የሚያልሱት ከእሷ እየገዙ ነው፤ የአሶሳ ሴቶችም ጨው ሲያልቅባቸው ልጅ የሚልኩት ወደ እሷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የማንንም ማዕድ ሰዓት ጠብቃ አታውቅም። ክፉው ነገር የቤቱ ካርታ በአብዱልረሂም ስም መሆኑ ነው። አባታቸው «ፊቱ የኸድራ፣ ጓሮው የአብዱልረሂም» ያሉት በአፋቸው ብቻ ነበር፣ የአፍ ቃል ደግሞ ማዘጋጃ ቤት አይገባም። አብዱልረሂም ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ክረምት አራተኛው ምሰሶ ላይ በቅርቡ የተለጠፈው አርማታ ተገንጥሎ ወድቆ የሚዛኑን ሳህን እንደ ቂጣ ሲያጣጥፈው፣ ሳህኑ አጠገብ ቆሞ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በበረንዳው ሥር ሲያልፍ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ደግሞም ክልሉ አዲስ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ ቢሮዎቹ ማስታወቂያ ሰሌዳቸውን አስጽፈው ሰሌዳውን የሚሰቅሉበት ቤት ሲፈልጉ ይዞራሉ። የድሮውን ቤት አፍርሶ በብሎኬት ሦስት ክፍል ቢሠራ ተከራይ አይጠፋም። «ጓሮ አንድ ክፍል ይኖርሻል፣ ከልጆቼ ጋር ትበያለሽ» ብሏታል። ቃሉ ከልቡ ነበር። እሷን የከፋትም ከልቡ መሆኑ ነው፤ ከልብ የተሰጠን ቁራሽ መልሰው አይሰጡትም።

መጥረጊያዋን አንስታ እንደ ሁልጊዜው በረንዳውን ጠረገች። በዚህ ቤት ውስጥ ጨው የሚጠረግበት ሥርዓት አለ። ጨው አይረገጥም። ጨው በመጥረጊያ ከበር ውጭ አይወጣም፤ የቤቱ በረካ ተከትሎት ይወጣል። አባታቸው ይህን ያስተማሯቸው ገና መጥረጊያ ከቁመታቸው ሲበልጥ ነው። ስለዚህ ከጆንያ የፈሰሰውና ከሚዛን የረገፈው ሁሉ ማንም ወደማይረግጠው ጥግ፣ ወደ አራተኛው ምሰሶ እግር ተጠርጎ ይጠጋል። አቧራ ሲበዛበት በላዩ ላይ ውሃ ይደፋበታል፤ ውሃውም ጨውን ይዞ እዚያው ይሰርጋል። ኸድራ ዛሬም ነጩን ክምር ወደዚያው ገፋችው፣ አንድ ጣሳ ውሃም አፈሰሰችበት።

ባለሙያዋ የመጣችው ፀሐይ በረንዳውን ሳትይዘው ነው። አብዱልረሂም ወንድ ሲጠብቅ ነበር መሰል፣ ቀጭኗን ልጅ መዶሻ የያዘ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ሲያያት ወደ ኋላዋ ሌላ ሰው ፈለገ። ትሩፋት ትባላለች፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፣ የአሶሳ ፀሐይ አፍንጫዋን ልጦታል።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ኢንጂነር።»

«ቴክኒሺያን ነኝ፣ አቶ አብዱልረሂም።»

«ችግር የለም ኢንጂነር፣ ነገሩ ያው ነው። ሲያዩት ራሱ ይነግርዎታል። ዛሬ ባይወድቅ ነገ ነው።»

የኸድራ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች፣ ማንም አይቀየማትም። «ግባ፣ ልጄ» አለቻት። «ከርከዴ ትጠጣለህ? ቀዝቃዛ አለ።»

ትሩፋት ሳቀች። «ከሥራው በኋላ እጠጣለሁ፣ እትዬ።»

ከአንደኛው ምሰሶ ጀመረች። መዶሻዋን አጭር ይዛ ከእግሩ እስከ ራሷ ቁመት ቀስ እያለች ትመታለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ትሰማለች፣ አንዳንዴ የመታችውን መልሳ ትመታለች። ምሰሶው እንደ ጥሩ ገንቦ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አብዱልረሂም ክርኑን በአንድ እጁ ይዞ ቆሟል፤ ኸድራ ሚዛኗ አጠገብ ተቀምጣ ለአንዲት ሴት ሩብ ኪሎ እየመዘነች ዓይኗ ግን መዶሻው ላይ ነው፤ ሴትዮዋ የደረሳት ከሩብ ይልቅ ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር፣ ምስጋናም ሳትናገር ፈጥና ሄደች። አራተኛው ምሰሶ ጋ ሲደረስ ድምፁ ተለወጠ። ከጉልበት እስከ ወገብ ባለው ቦታ መዶሻው ባረፈ ቁጥር እንደ ባዶ ቅል ደፍ፣ ደፍ ይላል። ከወገብ በላይ ግን መልሶ ጥርት ይላል። ትሩፋት ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች፣ ሦስተኛውን እንደገና ሄዳ መታች፣ ተመለሰች።

«አራቱም የተሠሩት በአንድ ጊዜ ነው?»

«በአንድ ጊዜ። አባቴ ቆሞ ነው አሠራ» አለች ኸድራ። «እኔ ውሃ ተሸክሜያለሁ።»

«በአንድ ሲሚንቶ? በአንድ አሸዋ?»

«በአንድ።»

«እንግዲያው እርጅና ቢሆን አራቱም ባረጁ ነበር» አለች ትሩፋት ለራሷ ያህል። ቀና ስትል አብዱልረሂም አገጩን ወደ መንገዱ አሻገረ። «እርጅና አይደለም፣ ሌባ ነው» አለ። «ባለፈው ዓመት ይህንን የጠገነው ግንበኛ ደባልቄ ይባላል። ሲሚንቶውን በልቶ አሸዋ ለጥፎበት ሄደ። ከተማው ሁሉ ያውቃል።»

ከተማው ሁሉ የሚያውቀው እሱ ስለነገረ ነው። ኸድራ ይህንን በአማርኛ አላለችም፤ በበርታ ቋንቋ አጉረምርማ ለሚዛኑ ነገረችው። ትሩፋት ግን ሰውየው ይጠራ አለች፤ የጠገነውን ሰው ሳላናግር አልጽፍም አለች። ደባልቄን ለማግኘት ሩቅ አያስኬድም፤ ከወሎ መጥቶ ከሰፈራ አምባዎቹ በአንዱ የሚኖር ሰው ቢሆንም፣ ቀኑን የሚውለው ገበያው ዳር ሥራ ሲጠብቅ ነው። ከዚያ ወሬ ወዲህ ደግሞ መጠበቁ በዝቷል። ወፍራም አጭር ሰው ነው፣ ኮቱ ላይ የደረቀ ኖራ አለ። በረንዳው ጫፍ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ አብዱልረሂም አላየም፣ አብዱልረሂምም ወደ እሱ።

«እትዬ ኸድራ፣ እንዴት ዋሉ። አስጠርታችሁኛል መሰል። ሌባው መጥቻለሁ።»

«ዓይብ ነው፣ ነውር፤ እንደዚህ አይባልም» አለች ኸድራ። «ቁጭ በል።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ከተቀመጥሁማ ወንበሩ ጎደለ ይባላል።»

ትሩፋት ሳቋን አፍና ባለፈው ክረምት የወደቀው ቁራጭ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ነበር። ኸድራ የምትጥለው ነገር የላትም፤ የበሩ መደገፊያ አድርጋዋለች። ትሩፋት ቁራጩን መሬት ላይ አስቀምጣ በመዶሻ መታችው። አልተሰበረም። ሁለተኛ መታችው፣ መዶሻው ነጥሮ ተመለሰ። ለአብዱልረሂም መዶሻውን ሰጠችው። እሱ ሰውነቱን ጥሎ መታና አንድ ጥፍር የምታክል ስንጣሪ አነሣለት። ደባልቄ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲሚንቶው አልጎደለም» አለች ትሩፋት። «እንዲያውም በዝቷል። ግን ጀርባውን እዩት።» ቁራጩን ገለበጠችው፤ ከምሰሶው ጋር ተጣብቆ የነበረው ፊት እንደ በርበሬ ቀይ ነው። «ይህ የፌሮው ዝገት ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ የለበሰውን አርማታ ከውስጥ ይገፋዋል። አቶ ደባልቄ፣ ሲጠግኑት ብረቱን አይተውት ነበር?»

ደባልቄ ጎንበስ ብሎ ቀይ ፊቱን በአውራ ጣቱ አሸ። «ጫፉ ታይቶኝ ነበር። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አሸት አሸት አድርጌ ለጠፍኩበት። ከብረቱ ጀርባ ድረስ አልፈለፈልኩም። እዚህ ላይ ጥፋት አለብኝ።» ቀና አለ። «ውሃ ማጠጣቱን ግን ማንም አይነካኝ። አበስኩ ገበርኩ! ስምንት ቀን ሙሉ ጧትና ማታ እየተመላለስኩ፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ ጠቅልዬበት…»

«ጆንያውን ከየት አመጡት?»

ደባልቄ አፉን እንደ ከፈተ ቀረ። ጣቱ ብቻ ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ወደ ተደረደሩት ጆንያዎች ጠቆመ። የጨው ጆንያ ነው። ኸድራ ራሷ ነበረች አውጥታ የሰጠችው፤ ደህና የሆኑትን፣ ያልተቀደዱትን፣ መርጣ።

ትሩፋት ወደ ክፍሉ ገባች። ጆንያዎቹ የተደገፉበትን ግንብ ልስን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ከጉልበት በታች ልስኑ እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ግን ጠንካራ ነው፣ መዶሻው ሲያርፍበት ይጮኻል። ልስኑ ላይ ነጭ ብናኝ አብቦበታል። በጣቷ ጫፍ ወሰደችና ምላሷ ላይ አደረገችው። ፊቷን አጨማደደች።

«ምን ሆንህ?» አለች ኸድራ።

«ይቅመሱት፣ እትዬ።»

ኸድራ ቀመሰች። በአፏ ውስጥ አዞረችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨው ሲያቀርቡላት ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። ዛሬ በዚህ ቤት የሚሸጠው የአሰብ ጨው ነው፤ ቶሎ ይሟሟል፣ ጣዕሙ ወደ መጨረሻው ይለሰልሳል። ይህ ግን እንዲያ አይደለም። ምላስ ሥር ላይ ቆይቶ የሚመር ነው። ይህንን መራራነት ታውቀዋለች፤ አባቷ በኩርሙክ በኩል በጭነት መኪና ያስመጡት የነበረ የሱዳን ጨው ነው፣ ያ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ በአሶሳ ገበያ ታይቶ አያውቅም። ዓይኗን ስትገልጥ አብዱልረሂም በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋች፣ ልጅ ሳለ እንደምታቀምሰው። አንድ አፍታ አመነታና ከግድግዳው ራሱ ወስዶ ቀመሰ።

«የአባባ ነው» አለ በበርታ።

«የአባባ ነው» አለች እሷም።

ለጥቂት ጊዜ አራቱም ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ጨው አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆሙ፤ ደባልቄም ሳይጠሩት ቀምሶ ነበር። ከዚያ ትሩፋት እንደ አስተማሪ ሳይሆን አከራዩ ፊት እንደ ቆመ ተከራይ፣ ቃሏን እየመረጠች ተናገረች። ጨው ከውሃ ጋር አርማታ ውስጥ ይሰርጋል፤ ውስጥ ያለውን ፌሮ ያገኘዋል፤ ካገኘው አይለቀውም። ሦስቱ ምሰሶዎች ጨው ስላልተጠጋቸው ደህና ናቸው። አራተኛው እግሩ ሥር ይህን ሁሉ ዓመት ጨው ሲጠረግበትና ውሃ ሲደፋበት ኖሯል፣ ሲጠገንም በጨው ጆንያ ተጠቅልሏል። ቤቱ አይፈርስም። መፍረስ የሚገባው ከአንድ ምሰሶ ላይ ከእግር እስከ ወገብ ያለው ነው። ወጋግራው በባሕር ዛፍ ተደግፎ፣ ጨው የጠጣው አርማታ ከብረቱ ጀርባ ድረስ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ዝገቱ እስኪያበራ ይፋቃል፤ የተበላው ፌሮ አጠገብ አዲስ ይታሠራል፤ ከዚያ በንጹሕ አሸዋና በደቃቅ ጠጠር ይሞላል፣ በንጹሕ ጆንያም ይጠቀለላል። የግንቡ ልስን እስከ ወገብ ይወርዳል፣ እንደገናም ይለሰናል።

«ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ግን» አለች፣ «ጨው ከዚህ ጣሪያ ሥር ካልወጣ በከንቱ ነው። አንድም ጆንያ መቅረት የለበትም። ወረቀቱን የምጽፈው እሱን ካወቅሁ በኋላ ነው።»

አብዱልረሂም ወደ እህቱ ዞረ። ድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ይህንንም ኸድራ ሰምታለታለች። «ጨው ከወጣ ምን ልትሸጪ ነው?» አላት በራሳቸው ቋንቋ። «ቤቱ ቆሞ አንቺ ከወጣሽ፣ ቤቱ ፈርሶ ከወጣሽ በምን ይለያል?»

ኸድራ ከርከዴውን ለትሩፋት ቀዳችላት፣ ለደባልቄም ቀዳችለት፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ ለወንድሟ ይዛ ስትሄድ አልቆመችም፣ እጁ ላይ አድርጋለት አልፋ በኋለኛው በር ወደ ጓሮ ወጣች። የአብዱልረሂም ጓሮ ሰፊ ነው። ማንጎ ዛፍ አለ፣ ሦስት ፍየሎች አሉ፣ የልጆች ልብስ የተሰጣበት ገመድ አለ። ወደ ገበያው መንገድ በሚያሳየው የጎን አጥር ዳር፣ በአራት ግንድ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ የቀርከሃ ጎተራ አለ። አብዱልረሂም እህል ከገበያ በኪሎ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ዶሮዎች ይተኙበታል። ኸድራ ቀርከሃውን በእጇ መታ መታ አደረገችው። ትሩፋት ምሰሶውን እንደመታችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ። እንደ ከበሮ ጠንካራ ነው፤ ምስጥ አልነካውም። ግድግዳውን ላሰችው። ጨው ጨው ይላል።

ያስታወሰችው ያኔ ነው። አባቷ የአርማታውን ቤት ከመሥራታቸው በፊት ጨዋቸውን ያኖሩት እዚህ ነበር። ብረት የለው ምን ይዝጋል? ከመሬት ከፍ ያለ ነው፣ ነፋስ ከታች ይገባዋል፣ ምስጥም ጨው አይደፍርም። ኋላ ሀብት መጣና በመንገዱ ላይ የመጀመሪያው የአርማታ በረንዳ ተሠራ፤ ሀብታቸውም ጨው ነበረና ጨውን እንደ ክቡር እንግዳ ወደ ዋናው ቤት አስገቡት። ማንም ሰው እንደዚያ ያደርግ ነበር። ኸድራ ዞር ስትል ሦስቱም ተከትለዋት ወጥተው ማንጎው ሥር ቆመዋል።

«አብዱልረሂም» አለች። ስሙን ከጠራችው ወር ሆኗት ነበር። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ቀጠለች፤ ሰው ፊት የተባለ ነገር ተመልሶ አይዋጥም። «ይህን ጎተራ ለእኔ ስጥ። አጥሩን እዚህ ጋ እንቁረጥ፣ በር ወደ ገበያ ይሁን። እኔ ማንጎ ሥር ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ። ጨው የወጣበት ክፍል ባዶ ይሆናል። እሱ ትልቅ ክፍል ነው፣ ግንቡ ደህና ነው፣ ይህ ልጅ ብሏል። ለቢሮ አከራይ። ኪራዩ ላንተ። ጥጌን ብቻ ገንብተህ ለይልኝ፣ የራሱ በር ይኑረው። ለሦስት ክፍል ብሎኬት ከምትገዛ ለአንድ ምሰሶ ሲሚንቶ ግዛ።»

አብዱልረሂም የጠጣው ከርከዴ ከንፈሩን አቅልቶታል፤ ልጅ አስመስሎታል። ጎተራውን አየ፣ ዶሮዎቹን አየ። «ዶሮዎቹስ?» አለ።

«ዶሮ በአርማታ ቤት ይኑር አላልኩም» አለች። ደባልቄ ሳቁን መያዝ አቅቶት ዞረ።

«እሱ ነው የሚሠራው?» አለ አብዱልረሂም፣ አሁንም ወደ ደባልቄ ሳያይ።

«እሱ ነው» አለች። «ጥፋቱን ከእኛ ቀድሞ የተናገረ እሱ ነው። እኛ ጨው ደፋን፣ አንተ ስም ደፋህ።»

ዝምታው ሊቀመጥ መጣ። ሁሉም አዩት። አብዱልረሂም ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠና ሁለት እርምጃ ሄዶ እጁን ለግንበኛው ዘረጋ። «ገበያው መሐል የተናገርኩትን ገበያው መሐል እመልሰዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለ። ደባልቄ እጁን በኮቱ ጠርጎ ጨበጠው፤ ኮቱ ከእጁ ይበልጥ ቆሻሻ ነበር። «እኔም ከብረቱ ጀርባ እፈለፍላለሁ» አለ።

ትሩፋት ጎተራው ግንድ ላይ ተደግፋ ወረቀቷን ጻፈች። «ይጠገን» የሚለውን ቃል ኸድራ አነበበችው፤ ማንበብ የምታውቀው የአማርኛ ቃል ብዙ አይደለም፣ ይህንን ግን ፊደል በፊደል ተከትላ ደረሰችበት። ከምሳ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ደባልቄ አራት የባሕር ዛፍ ግንድ አመጣ፤ ሁለቱን ከወጋግራው ሥር በሽብልቅ እያጠበቀ አቆመ፣ ትሩፋት በእጇ እየገፋች ፈተነቻቸው፣ አልወደደቻቸውም፣ ሌላ ሁለት አስጨመረች። ከዚያ መሮው ሥራውን ጀመረ። አራተኛው ምሰሶ እየተላጠ ሲሄድ ብረቱ ታየ፤ ጤነኛው ቦታ ላይ የአውራ ጣት ያህል የሆነው ፌሮ፣ ወደ እግሩ ሲወርድ ቀጥኖ ቀጥኖ የቀለም እርሳስ አክሏል። አብዱልረሂም ቁጭ ብሎ በጣቱ ነካው። «ይህ ነው ለካ ተሸክሞን የኖረው» አለ። ጆንያ የሚያወጣ ሠራተኛ ሊጠራ ነበር፣ ነገር ግን ኮቱን አወለቀና የመጀመሪያውን ራሱ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ኸድራ ከኋላው ደግፋ ይዛ እስከ ጎተራው አደረሱት። በፊት በኩል ዞረው ሲመለሱ አንገቱን ሳይሰብር በበረንዳው ሥር አለፈ፤ ልብ ያለችው እሷ ናት እንጂ እሱ አይደለም።

ሲመሽ ክፍሉ ባዶ ነበር። ኸድራ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አታውቅም ነበር፤ ድምፅዋ ግንቡ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ጆንያዎቹ የተነሡበት ወለል ላይ ነጭ ምንጣፍ ቀርቷል። መጥረጊያዋን አነሣች፣ ጎንበስ አለች፣ እጇም ራሱ እንደለመደው ጨውን ወደ አራተኛው ምሰሶ እግር መግፋት ጀመረ። ግማሽ መንገድ ላይ አቆመችው። ምሰሶው ብረቱን አውጥቶ፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል እንደታመመ ሰው ቆሟል። ደባልቄ መሮውን እየጠረገ ያያታል፤ ትሩፋት ቦርሳዋን እየዘጋች ታያታለች። ኸድራ ትልቁን የሰፌድ ትሪ አመጣችና ጨውን ሁሉ፣ ከወለሉም ከምሰሶው እግርም ያለውን፣ አንድም ሳታስቀር ጠርጋ ሰበሰበች። ቢስሚላህ ብላ አነሣችው። በአባቷ ቤት ጣራ ሥር ባለፉት ዓመታት ሁሉ ማንም ያላደረገውን አደረገች፤ የተጠረገ ጨው ይዛ በሩን ተሻገረች።

አብዱልረሂም ጓሮ ውስጥ ዶሮዎቹን ሌላ ቦታ ሊያስለምድ ይታገላል። ትሪውን ሲያይ ቆመ።

«አባባ ጨው በመጥረጊያ ከቤት አይወጣም ብለዋል» አላት።

«አልወጣም» አለችው። «ከአባቴ ቤት ወደ አባቴ ቤት ነው የመጣው። በረካውም የትም አልሄደ፣ አንተ ጋ ገባ።»

ፍየሎቹ ገንዳ ጫፍ ላይ አንድ እፍኝ አደረገች፤ ሦስቱም አንገታቸውን አጣብቀው መላስ ጀመሩ፣ ምላሳቸው ገንዳው ላይ ሲያሽ ይሰማል። አብዱልረሂም ትንሽ ቆየና ትሪውን ከእጇ ተቀብሎ የቀረውን ለነገ ጎተራው ሥር አስቀመጠላቸው። ጎን ለጎን ቆመው አዩአቸው። መሐላቸው ያለው ዝምታ እንደ ድሮው፣ ጣሪያው ላይ የአህያ ጭንቅላት ሲፈልጉ እንደነበረው ዓይነት ነው።

ከመንገዱ በኩል የሳል ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ የጋሪ ጎማ። ዲንሳ በአጥሩ ላይ ራሱን ብቅ አደረገ። ጋሪው ላይ መሰላልና ሚስማር መንቀያ ጭኗል።

«አብዱልረሂም! መጣሁ» አለ፣ እንደ ጧቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆርቆሮውን ልንቀል?»

አብዱልረሂም ወደ ቤቱ ዞሮ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ገበያው መንገድ ላይ ያለ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ጮክ ብሎ መለሰ።

«አይሸጥም፣ ዲንሳ። ከሥሩ ሰው አለ።»